የሦስቱ ወንበሮች ቀበቶ

ሬሳውን ያገኘችው ታየች ናት። የሕንጻው ጥበቃ አይደለም፤ ያቺ ዩኒፎርሟ ገና ያልተጨማደደ ልጅ እግር ፖሊስም አይደለችም። ታየች ናት። ፖሊሶቹ የበሩን ቁመት ለኩ፣ የመስኮቱን ስፋት ለኩ፣ ቅርጫት ውስጥ የተጣለ የማስቲካ ወረቀት ሳይቀር በላስቲክ ከተው ቁጥር ሰጡት። እሷ ከተናገረችው ግን ዋናውን አልጻፉትም። ያንን ቢሮ ስድስት ዓመት ሙሉ በእጇ ያበሰች ሴት አየሁ ስትል፣ አላየሽም ተባለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስዊድን ውስጥ ከምትኖርበት ሰፈር ከሁስቢ በእግሯ ተሻግራ ቢሮ የበዛበት ኪስታ ገባች። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቢሮ የዶራጂ ኤር ነው፤ ትኬቱን በርካሽ ሸጦ ሻንጣውንም፣ ወንበር መምረጡንም፣ የምትጠጣውን ውሃም ለብቻ የሚያስከፍል የኮሪያ አየር መንገድ። እንግዳ መቀበያው ላይ ከድርጅቱ የመጀመሪያ አውሮፕላን የተነቀሉ ሦስት ወንበሮች ከነቀበቷቸው ለጌጥ ቆመዋል። የቢሮው ኃላፊ ሚስተር ፒዮ ከወንበሮቹ ጀርባ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። ጭንቅላቱ ሥር ደም ደርቋል። ከዚያ ወዲህ ያለው ወለል ግን ተወልውሏል። መደርደሪያው ላይ ያለው የብረት አውሮፕላንም ተጠርጎ በቦታው ተቀምጧል፤ አንድ ክንፉ ብቻ ተጣሟል።

ታየች አልጮኸችም። ሚስተር ፒዮ እሷ ስትገባ ከወንበሩ የሚነሳ፣ ዕቃ ሲያቀብላት በሁለት እጁ የሚያቀብል፣ በዚያ ሕንጻ ውስጥ ታላቅና ታናሽ የሚለይ ብቸኛ ሰው ነበር። ነጠላዋን ዓይኑ ላይ ልትጥልለት ፈለገች፤ ግን ምንም መንካት እንደሌለባት ታውቃለች። ቆማ ጥበቃውን ጠራች። ቆማም አየች።

ልጅ እግሯ ፖሊስ በስልክ ከቶልክ፣ ከአማርኛ አስተርጓሚ ጋር አገናኘቻት። ታየች ስዊድንኛ ትሰማለች፣ ሲያስፈልግም ትሳደብበታለች፤ ፖሊሷ ግን ሻሿን አይታ አስተርጓሚ ያስፈልጋታል ብላ ወሰነች። ቶልኩ የሆነ ነገር እያኘከ ነው።

«የወንበሮቹ ቀበቶ መስቀል ተደርጓል» አለች ታየች። «ግራው በቀኙ ላይ ተሻግሮ፣ ሦስቱም ላይ። እኔ ዓርብ ስወጣ በጎን አንጠልጥዬ ነው የተውኩት። ወንበሩን በእርጥብ ጨርቅ ስለምጠርገው ምንም ነገር እንዲተኛበት አልፈልግም። ከዓርብ ወዲህ የነካው ሰው አለ። ንገራት።»

ቶልኩ ነገራት። ታየችም ሰማችው። «ክፍሉ እንደወትሮው ንጹሕ ነበር ትላለች» አለ።

«እንደዛ አላልኩም።»

«እናቴ፣ ዋናውን ነግሬያታለሁ።»

«እናትህ አይደለሁም። ብሆን ኖሮ ውጠህ እንድታወራ አስተምርህ ነበር።»

ፖሊሷ ደብተሯን ዘግታ ነበር።

ማክሰኞ ናታንን አሰሩት። ናታን በዚያ ቢሮ የጠፋ ሻንጣ የሚያፈላልግ ልጅ ነው። ዓርብ ዕለት ሚስተር ፒዮ ሰው ሁሉ እየሰማ አሰናብቶታል፤ እሑድ ከቀኑ ስምንት ተኩል ላይ ደግሞ በሩ የተከፈተው በሱ ታግ፣ በመግቢያ ካርዱ ነው። ታጉን ዓርብ መቀበያው መሳቢያ ውስጥ ጥዬ ወጣሁ ቢል ማን ይመነው። እሑድ የት ነበርክ ሲሉት ቤቴ ተኝቼ አለ። ከማን ጋር ሲሉት ከማንም አለ።

ታየች ናታንን አትወደውም። የጠጣበትን ኩባያ የትም ይተዋል፣ የሲጋራ ቁራጭ የአበባ ማሰሮ ውስጥ ይተክላል። ወሬውን ስትሰማ ግን «ሞኞች» አለች። «ያ ልጅ ሻዩን ካፈሰሰ እንኳ እግሩን አንስቶ ተሻግሮት ነው የሚሄደው። ሰው ገድሎ ወለል የሚወለውል ሰነፍ የት አይተው ነው?»

ረቡዕ ከሰዓት ኢንስፔክተር ባርናባስ ሁስቢ ቤቷ መጣ። የፊቲያ ሰፈር ልጅ ነው፣ አርባ ዓመት ይሆነዋል፤ እዚሁ ስላደገ አማርኛው ደረጃ እንደሚወርድ ሽማግሌ እየቆመ ነው የሚሄደው። ጫማውን በር ላይ ማውለቁን ታየች ወደደችለት። ልጇ ልደታም ስምንት ወር የሆናትን ሕፃኗን ሚካልን ታቅፋ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ልደታ እዚያው የእናቷ ሕንጻ አምስተኛ ፎቅ ትኖራለች፤ እዚያው ዶራጂ ኤር የቡድን ተጓዦችን ትኬት ትሠራለች።

«እሑድ ከሰዓት እርስዎ የት ነበሩ?» አለ ባርናባስ።

«እዚሁ። የልጅ ልጄን ይዤ።»

«አንቺስ?»

ልደታ በስዊድንኛ መለሰች። «ትቬትስቱጋ። ከሰባት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የጋራ ልብስ ማጠቢያው ተራ የኔ ነበር። የተራ ማስያዣው ሰሌዳ ላይ ቁልፌ አለ፣ ወርደህ እየው።»

«እውነቷን ነው» አለች ታየች ማንም ሳይጠይቃት። «የኔንም አንሶላ ወስዳ አጥባልኛለች። ይልቅ ይቺ ልጅ ማን እንደሆነች እወቅ። ኮሪያ ድረስ ሄዳ ሁለት ዓመት በሰማይ የበረረች አስተናጋጅ ናት። መጥረጊያ በእጇ ነክታ አታውቅም። እሷ እንዳትነካ ነው እኔ የጠረግሁት።»

ልደታ የሕፃኗን ካልሲ አስተካከለች።

«አሁን ያልጻፋችሁትን ጻፍ» አለች ታየች፤ የቀበቶውን ነገር ከመጀመሪያው ነገረችው። ባርናባስ እስክሪብቶውን አወጣ።

«እማዬ» አለች ልደታ፣ ይሄን ጊዜ በአማርኛ፣ «ራስሽ አድርገሽው ረስተሽ ይሆናል። ባለፈው ሳምንት ድስት ምድጃ ላይ ረስተሽ አልነበር?»

«ድስት እረሳለሁ። እጄ የሠራውን አልረሳም።»

«ስልሳ ሰባት ዓመትሽ ነው፣ ሰው ሞቶ አይተሽ ደንግጠሻል።»

«እኔ ነኝ የደነገጥኩት? አንቺ አይደለሽ ከሰኞ ጀምሮ እህል ያልቀመስሽው።»

ባርናባስ እናትና ልጅ ሲጨቃጨቁ ጣልቃ እንደማይገባ ሰው ፈገግ አለና እስክሪብቶውን ኪሱ መለሰ። «እናየዋለን» አለ። ሐኪም ለማይድን ሰው የሚላት እናየዋለን ነበረች።

ታየች በማግስቱ ሦስት ጊዜ ጣቢያ ደወለች። በአራተኛው፣ ምሳዬን ይዤ መጥቼ በራችሁ ላይ እቀመጣለሁ አለች። ዓርብ ጠዋት ባርናባስ ራሱ መጥቶ ወደ ቢሮው ወሰዳት፤ ቶሚን ሊያናግር ሲሄድ እግረ መንገዱን ነበር። ቶሚ ጢሙ ቀይ፣ ትከሻው ሰፊ ስዊድናዊ ነው፤ አርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያ የዶራጂን አውሮፕላኖች ተቀብሎ የሚሸኝ። የሚስተር ፒዮን ወንበር እንደሚመኝ ሁሉም ያውቃል። እሷን መቀበያው ላይ አቁመው፣ የስብሰባ ክፍሉን በር እንኳ ሳይዘጉ ማውራት ጀመሩ። ሰው ባልዲ ፊት ቆሞ ምስጢር አይደብቅም፤ እሷንም እንደዛ ነበር የሚያይዋት።

«እሑድ የት ነበርክ?» አለ ባርናባስ።

«አርላንዳ። በረራው አራት ሰዓት ዘግይቶ ሁለት መቶ ሰባ ሰው ሲሰድበኝ ዋለ። ሁለት መቶ ሰባ ምስክር አለኝ። አንዱም አይወደኝም።»

«ባለፈው ሳምንት ከሚስተር ፒዮ ጋር ተጯጩኻችኋል።»

«በመጽሐፉ ነው።» ቶሚ ጢሙን ጎተተ። «ድርጅቱ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ታሪኩን ጻፍ ብለው ለፒዮ ሰጡት፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስለነበረ። ክንፋቸው ላይ ማራገቢያ በሚሽከረከርባቸው ሁለት የኪራይ አውሮፕላኖች ነው ከኮሪያ ዋና ከተማ ከሶል ወደ ጄጁ ደሴት መመላለስ የጀመሩት። ዓመት አይሞላቸውም ተብሎ ነበር። ከዚያ አንድ ዓይነት ጄት ብቻ ገዙ፤ አንድ ዓይነት መለዋወጫ፣ አንድ ዓይነት ስልጠና። በቀን ስድስት በረራ። መሬት ላይ ሃያ አምስት ደቂቃ ብቻ፤ አውሮፕላን ከቆመ ኪሳራ ነው። እንደዛ እያሉ ትልልቆቹን አውሮፕላኖች ይዘው እዚህ ድረስ መጡ። ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው። ፒዮ ግን መጨረሻ ላይ አንድ ምዕራፍ ጨመረበት። ‹ያጠፋነው› ይላል።»

«ምን አለው?»

«አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ ነበር አለኝ። ከዚያ በላይ አልነገረኝም። የልደት መጽሐፍ ላይ ሬሳ አይወጣም ብዬ ጮህኩበት። እሱ ጮሆ አያውቅም፤ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።»

«ያ ምዕራፍ ጠረጴዛው ላይ የለም። ኮምፒውተሩም ላይ የለም።»

«በእጁ ነበር የሚጽፈው። ናታን ወስዶት ይሆናላ።»

«ናታን የምን ሽማግሌ አለበት?» አለ ባርናባስ።

ታየች በቃት። በሩ ላይ ቆመች። «አንተ ቀይ ጢም፣ ና እይልኝ።»

ቶሚ ባርናባስን አየ፣ ባርናባስ ትከሻውን ነቀነቀ፤ ተከታትለው መጡ። ወንበሮቹ ፖሊስ እንደተዋቸው ናቸው። ሦስት ወንበር፣ ሦስት መስቀል፣ ማሰሪያው ልክ መሃል ላይ፣ በክር የተለካ ይመስል።

ቶሚ ጎንበስ ብሎ አየው። «ይሄን ማነው ያደረገው?»

«አምስት ቀን ሙሉ ይሄንኑ ነው የምጠይቀው።»

«ያለቀ ረድፍ ምልክት ነው» አለ ቶሚ ለባርናባስ። «ተሳፋሪ እንደወረደ መቶ ሰማንያ ወንበር ይጸዳል። ቀበቶው መስቀል ከሠራ ያ ረድፍ ጸድቷል፣ እለፈው ማለት ነው። በቀን ስድስት ጊዜ ሲያደርገው የኖረ ሰው ተኝቶም ያደርገዋል። እጁ ነው የሚያደርገው፣ እሱ አያውቀውም።»

«የጽዳት ሠራተኞች ማለትህ ነው።»

«ዶራጂ ለደሴቱ በረራ ጽዳት አይቀጥርም። አስተናጋጆቹ ናቸው የሚያጸዱት። ትኬቱ ታዲያ በምን ረከሰ?»

ታየች ሳቀች። «ውሸት። ልጄ ሁለት ዓመት እዚያ በራለች። መጥረጊያ አልነካችም።»

ቶሚ ቀበቶዎቹን አየ፣ ከዚያ እሷን። ባርናባስ ወደ መስኮቱ ዞረ። ስድስት ዓመት ያላያት ቢሮ፣ ያን ጊዜ አያት።

«ከዚህ ቢሮ እዚያ የበረረ ማነው?» አለ ባርናባስ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ፒዮ ራሱ፣ የአስተናጋጆች አለቃ ነበር። ሌላዋ ደግሞ...»

«ትቬትስቱጋ ነበረች» አለች ታየች። «አንሶላዬን እያጠበች።»

ቤቷ ስትገባ ካፖርቷን ሳታወልቅ ቁም ሣጥኑን ከፈተች። አንሶላው ሰኞ እንደመጣላት ተቀምጧል፤ ታጥፎ፣ ጠርዙ ከጠርዙ ጋር ገጥሞ። ሱቅ ውስጥ እንኳ እንደዚያ አይታጠፍም። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ማታ ማታ ጉልበቷን የምታሽበት የካምፎር ቅባት ሸተታት። ዘርግታ አየችው፤ የቅባቱ ቢጫ ቀለበት በቦታው አለ። ውሃ ያልነካው አንሶላ ነው።

መልሳ ልታጥፈው ሞከረች፣ እንደነበረ አልሆነላትም።

በአሥራ አንድ ሰዓት ልደታ የሕፃኗን ጋሪ እየገፋች መጣች። ሚካልን አንስታ ለአያቷ አቀበለች፤ ከዚያ ዓይኗ ሌላ ቦታ እያየ፣ ስለ አውቶቡሱ መዘግየት እያወራች፣ እጇ ወደ ጋሪው ተመለሰና የማሰሪያውን ግራ በቀኙ ላይ አሻግሮ መሃሉን አስተካከለ።

ታየች ሕፃኗን ጠበቅ አደረገቻት። «አጽድተሽ ታውቂያለሽ?»

«ምኑን?»

«የሰው ወንበር። በቀን ስድስት ጊዜ።»

ልደታ የእናቷን ዓይን ተከትላ ጋሪውን አየች። ከጋሪው እጇን አየች። ስትናገር በአማርኛ ነበር።

«ትውከት ጠርጌያለሁ። ከወንበር ኪስ የሰው ዳይፐር በእጄ አውጥቻለሁ። ምን ብዬ ልነግርሽ ነበር? ቤተ ክርስቲያን ባለችው ሴት ሁሉ ላይ፣ ልጄ እንደኔ አይደለችም እያልሽ ስትኮሪባት።»

«ሰውየው ምን አደረገሽ?»

«ከነስሜ ሊጽፈው ነበር።»

«ምኑን?»

ልደታ ቁጭ አለች። «አንድ ሽማግሌ ነበር፣ መጨረሻው ረድፍ ላይ። ውሃ ስጪኝ አለ። ውሃው ይሸጣል፣ እሱ ካርድ የለውም። ሦስት ጊዜ የጥሪውን መብራት አበራ። ልናርፍ ነው፣ ቆሻሻ ካልሰበሰብኩ ሃያ አምስቱ ደቂቃ አይበቃኝም። መብራቱን አጠፋሁበት። ስናርፍ ሰው ሁሉ ወረደ፣ እሱ አልወረደም። ኪኒኑ መዳፉ ላይ ነበር እማዬ። መዋጫ ነበር የፈለገው።»

ታየች ሚካልን ወደ ሌላኛው ትከሻዋ አዛወረቻት።

«ፒዮ አለቃዬ ነበር። ሽማግሌው አልጠራም ብሎ ፈረመልኝ። እዚህም ሥራ ያገኘልኝ እሱ ነው። አሁን ጡረታ ሊወጣ ሲል ሕሊና አበቀለ። እሑድ ብቻውን እንደሚጽፍ አውቄ ነው የሄድኩት። ለመንኩት። ተንበረከክሁለት። እሱ ምን አደረገ? ወረቀቱን በሁለት እጁ አቀበለኝ። አንብቢው፣ የተሳሳትኩት ካለ አርሚኝ አለኝ።»

«በሁለት እጁ» አለች ታየች።

«ከዚያ ዞረ።»

«ዞሮልሽ ነው የመታሽው። በናታን ታግ ገብተሽ።»

«ለመግደል አልነበረም። ታጉን ከመሳቢያው የወሰድኩት መምጣቴ እንዳይመዘገብ ነው፤ እሱን ለምኜ ምዕራፉን ብቻ ልወስድ ነበር።» ልደታ ፊቷን ጠረገች፤ ከዚያ ድምጿ ተለወጠ፣ የተረጋጋ የአስተናጋጅ ድምፅ ሆነ። «ስሚኝ። ናታን ልጅ የለው፣ ትዳር የለው። የስዊድን እስር ቤት ሆቴል ነው፣ ተምሮ ይወጣል። አንቺ አንድ ነገር ብቻ በይ። ቀበቶውን ራሴ አድርጌው ረስቼ ነው በይ። አሮጊት ይረሳል። ማንም መልሶ አይጠይቅሽም።»

«ማንም አይጠይቀኝም» አለች ታየች። «እሱስ እውነትሽን ነው።»

«ለሚካል ስትይ።»

«አንቺን በሆዴ ይዤ ነው ወደ ገዳሪፍ የተሻገርኩት። በሦስተኛው ቀን ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣብቆ ስሜን መናገር አቃተኝ። አንድ ግመል ነጂ መጣ፣ ቋንቋውን አላውቅ፣ ዘሬን አያውቅ። አቁማዳውን አፌ ላይ ደቀነው። ማን ነሽ አላለኝም። ያን ውሃ እኔ ብቻዬን አልጠጣሁትም፣ አንቺም ጠጥተሻል።»

«እሱን ስንት ሺህ ጊዜ ነግረሽኛል።»

«አልሰማሽም።»

ልደታ ተነሳች። በሩ ላይ ስትደርስ «ነገ ቅዳሜ ተራዬ ነው፣ ሥራ እገባለሁ» አለች። «እንደወትሮው በሁለት ሰዓት አመጣልሻለሁ።» እናቷ አሳልፋ እንደማትሰጣት እርግጠኛ ነበረች። ጋሪውን እየገፋች ስትወጣ አንድ ጊዜ እንኳ አልዞረችም።

በሁለት ሰዓትም አመጣቻት። ታየች ሕፃኗን ተቀበለች፣ ጡጦዋን ተቀበለች፣ ልጇ ጉንጯን ስትስማት ጉንጯን ሰጠች። የአሳንሰሩ በር እስኪዘጋ ጠበቀች። ከዚያ ሚካልን ጋሪው ውስጥ አስራ፣ በቱነልባናው፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ ተሳፍራ ጣቢያ ሄደች። አግዙኝ ሳትል፣ ደረጃውን ራሷ ጋሪውን እየጎተተች ወጣችው።

ባርናባስ አይቷት ቆመ። አንዲት ጠባብ ክፍል አስገባት፣ ወንበር ሳበላት።

«ውሃ ላምጣልዎ?»

«አልፈልግም።»

ተቀመጠ። እጁን አነባበረ። «እትዬ ታየች፣ ለምን እንደመጡ አውቃለሁ። እዚህ አገር ሕጉ እናትን አያስገድድም። በልጅዎ ላይ ቃል መስጠት የለብዎትም። አሁን ተነስተው ቢሄዱ ማንም አይወቅስዎትም።»

«እኔ ዝም ብል ናታን ይፈታል?»

ባርናባስ መልሱን በአማርኛ ፈለገ፣ አጣው፣ በስዊድንኛ ተናገረው። አይፈታም። ቀበቶው ዓርብ እንዴት እንደነበረ የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም፤ የማጠቢያው ሰሌዳም የልደታን ቁልፍ ብቻ ነው የሚያሳየው። በታጉ ናታን ይከሰሳል።

«ያን ሰነፍ አልወደውም» አለች ታየች። «ጻፍ።»

ነገረችው። የዓርቡን ቀበቶ፣ የሰኞውን ቀበቶ፣ ታጥፎ የመጣውን አንሶላ፣ የጋሪውን ማሰሪያ፣ መዳፍ ላይ የቀረውን ኪኒን፣ በሁለት እጅ የተሰጠውን ወረቀት። አላለቀሰችም፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቆማ የሚካልን አፍ በነጠላዋ ጠረገች። ባርናባስ እየጻፈ ሁለት ጊዜ እጁ ቆመ፤ ሁለቱንም ጊዜ እስኪቀጥል ጠበቀችው። ሲጨርስ የኮምፒውተሩን ማያ ገጽ ወደሷ አዞረ፣ ከዚያ ዓይኗ መስመሩን እንደማይከተል አስተውሎ አፍሮ መልሶ ሊያዞረው ሲል እጇን ጫነችበት።

«ፊደል አልቆጠርኩም። ስለዚህ አንተ ታነብልኛለህ። በአማርኛ፣ ከላይ ጀምረህ። ያ ቶልክ እንዳደረገው አንዲት ቃል ብትዘልብኝ አውቅብሃለሁ። በስሜ ጀምር፤ ከነአባቴ። ከዚያ እናቷ ነኝ የሚለውን አንብብ።»